አባቴ ድንበሩን የተሻገረበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ኢሲዮሎ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ሳልፍ አንድ ጎሚስታ በጋለ ብረት ያረጀ ጎማ ሲበሳ አገኘሁትና፣ የሚጨሰው ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሌላው መንገደኛ ፊቱን አዙሮ በሻርፑ አፍንጫውን ሸፍኖ ያልፋል፤ ለእኔ ግን ያ ሽታ ቤት ነው። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለው ማንያታ ሰፈር፣ በጭቃ የተመረገው ባለ ቆርቆሮው ቤታችን፣ ከደጃፉ ያለችው የኒም ዛፍ፣ ከዛፏ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የከባድ መኪና ጎማ በጉልበቶቹ መሃል አጥብቆ የሚቆርጠው አባቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

አባቴ ሰይድ የጎማ ጫማ ይሠራ ነበር። ከድንበሩ ወዲያ በረባሶ ይሉታል፣ እኛ ዘንድ አካላ ነው። በሞያሌ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ጎማቸውን ጨርሰው የሚጥሉት እዚያው ስለሆነ ዕቃ አይጠፋበትም ነበር፤ በተለይ በበጋ፣ አፈሩ እንደ ምድጃ ሲግል፣ የቦሪ ገጠር ከብት አርቢዎች፣ የመኪና ረዳቶች፣ የገበያ ሴቶች ሁሉ ደጃችን ላይ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው ተራ ይጠብቁ ነበር። እሱም እግራቸውን በጎማው ላይ አስረግጦ በጠመኔ ዙሪያውን ያሰምርና፣ ብዙም ሳያወራ፣ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ማሰሪያውን አስገብቶ ይሰጣቸዋል።

የወሎ ሰው ነው። ወታደር ሆኖ ነገሌ ተመድቦ ሳለ መንግሥት ወደቀና ክፍሉ ሲበተን በእግሩ ወደ ኬንያ ገብቶ፣ ጥቂት ዓመት በስደተኞች ሰፈር ቆይቶ፣ ጓደኞቹ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሌላው ባሕር ማዶ ሲሄድ እሱ ከሞያሌ ሳይርቅ ቀርቶ፣ እናቴን ሀቢባን አገባ። እናቴ የዚያው ተወላጅ ቦረና ነች። እናም ቤት ውስጥ ከአባቴ ጋር አማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊ እየተናገርኩ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልለይ አደግሁ።

ኢትዮጵያ ከደጃችን ትታይ ነበር። እናቴ ጧት ተሻግራ በርበሬና ሽንኩርት ገዝታ ለምሳ ትመለሳለች፤ እኛም ልጆቹ ማዶ ኳስ ጨዋታ አለ ሲባል ሮጠን ሄደን ሮጠን እንመለስ ነበር። ሁለቱን አገር እንደ ላይ ሰፈርና እንደ ታች ሰፈር ነበር የምንቆጥራቸው። አባቴ ግን ተሻግሮ አያውቅም። ለሠርግም ይሁን ለለቅሶ እስከ መጨረሻዋ ሱቅ ድረስ አብሮን ይመጣና፣ ኬላው ሲታይ ቆም ብሎ፣ «በሉ፣ እኔ እዚህ ልጠብቃችሁ» ብሎ ከሱቁ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ስንመለስም እዚያው፣ በዚያው አቀማመጥ እናገኘው ነበር።

አንድ ቀን እናቴን «አባዬ ለምን ማዶ አይሄድም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጉልበቱን ያመዋል» አለችኝ፣ ከምትለቅመው ባቄላ ቀና ሳትል።

ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ጎማ አጣብቆ የሚይዝ ሰው ጉልበቱን እንደሚያመው አላመንኳትም። ከጓደኞቼ አንዷ «ወታደር ስለነበር ቢሄድ ያስሩታል» አለችኝ፤ እሱን አመንኩ።

በየዓመቱ አንድ ወቅት ላይ ደጃችን በዚያራ ተጓዦች ይሞላ ነበር። ከማርሳቢት፣ ከኢሲዮሎ፣ ከየገጠሩ ተሰባስበው፣ ጫፉ ባላ የሆነ ረጅም በትር ይዘው፣ መንዙማ እያዜሙና እያጨበጨቡ ባሌ ውስጥ ወዳለው ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መቃብር የሚሄዱ ናቸው። በእግር የሳምንታት መንገድ ነው። ያኔም ብዙው ሰው በመኪና መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ስለት ያለባቸውና አሮጊቶቹ ግን «በጎማ የሄደ ምን ሄደ ይባላል» እያሉ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እነሱ ጫማቸውን የሚያሠሩት አባቴ ዘንድ ነው። ሲሄዱ ለክቶ ይሠራላቸዋል፣ ሲመለሱ ያለቀውን ይለውጥላቸዋል። ዝምተኛው አባቴ በዓመት አንዴ ወሬኛ የሚሆነውም ከተመላሾቹ ጋር ነበር። ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ ይጠይቃቸዋል። «ከሞያሌ ወጥታችሁ የመጀመሪያዋን ኩሬ ታውቋታላችሁ? ውሃ አላት? አጠገቧ ሰው ይኖራል? ትልልቆቹ ግራሮች አሉ ወይስ ለከሰል ተቆረጡ?» ይላል። እነሱም የሚያውቁትን ይነግሩታል፤ እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰምቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ የምትሰማ አንዲት ሰው ነበረች፤ አያቴ።

አያቴን በኦሮምኛ አኮ ነበር የምንላት። የእናቴ እናት ነች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ፈጣን አሮጊት ነበረች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነበር የምትለው። እኔንም «አንተ ለይላ!» ትለኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። አንድ ጊዜ የማዶ ፖሊስ አዛዥ በአማርኛ ሲያናግራት «አንተ ቆይ፣ እኔ ይቀድማል» ብላው ሰውየው እንደቆመ ጠብቋታል።

ከእኔ በኋላ እናቴ ልጅ አልቆይላት አለ። ሁለቱ ሳይወለዱ፣ አንዱ ተወልዶ ሳይሰነብት ሄዱ። ሌላ ስትጸንስ አኮ ማንንም ሳታማክር «ይሄ ልጅ በሰላም ይወለድ እንጂ ድሬ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ተሳለች። በረጅሙ የዝናብ ወቅት፣ ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ጊዜ፣ ወንድሜ ተወለደ፤ ሲጮኽ ጎረቤት ሰማው። አኮም በማግስቱ አባቴ ፊት ቆማ ባዶ እግሯን ጎማው ላይ አኖረችና «ለካ» አለችው።

ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ደመና እንዳዘለ ዝናብ የማይጥልበት፣ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ብርድ ብርድ የሚልበት ወቅት ሲገባ ተጓዦቹ ተሰበሰቡ። እኔ ካልሄድሁ ብዬ አለቀስሁ። ያኔ አስር ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። እናቴ «እብድ ናት» አለች፤ አኮ ግን «አንድ ቀን ትሂድ። ለወንድሟ አንድ ቀን ትራመድለት። ማታ የምናድርበት መንደር ዘመዶቻችን አሉ» አለች በኦሮምኛ።

«ማን ይመልሳታል? እኔ አራስ ነኝ» አለች እናቴ።

አኮ አባቴን ዞር ብላ አየችውና ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። አባቴ የያዘውን ቢላዋ ሞረዱ ላይ አንድ ሁለቴ አመላለሰ። «ሌላ ሰው ይገኛል» አለ በመጨረሻ። አኮም በገበያ አማርኛዋ «አንተ ሰይድ፣ ይሄ ልጅ የአንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው ነው?» አለችው።

በመሄጃው ቀን ማለዳ ከማንያታ ስንነሳ አባቴ የአኮን ጓዝ ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላ ይከተለን ነበር። እንደ ልማዱ እስከ ሱቋ ድረስ ይሸኘናል፣ ከዚያ እኔንም እጄን ይዞ ይመልሰኛል ብዬ ስለፈራሁ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቴን አደንድኜ የአኮን ነጠላ ጫፍ ጨብጬ ሄድኩ። ሰዎቹ መንዙማቸውን ያዜማሉ፣ የሰፈሩ ሴቶች ከየደጃቸው ወጥተው «ለእኛም ዱዓ አድርጉልን» ይላሉ። ሱቋ ደረሰች። ሱቋ አለፈች። ዞር ስል አባቴ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ከፊቱ ከሚሄደው ሰውዬ ተረከዝ ላይ ተተክሏል፣ ላቡ በዚያ ብርድ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

በእኛ በኩል ያለው አስካሪ፣ የኬንያው ዘብ፣ ተጓዦቹን በየዓመቱ ስለሚያውቃቸው እጁን አውለብልቦ አሳለፈን። በወዲያኛው በኩል አንድ ወጣት የኢትዮጵያ ወታደር ቆሞ አንድ በአንድ እያየ ያሳልፍ ነበር፤ አባቴ ዘንድ ሲደርስ «ጋሼ፣ አንዴ ይቁሙ» አለው። እኔ እንግዲህ ሊያስሩት ነው ብዬ እግሩን ላቅፍ ተጠጋሁ። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ የአባቴን እግር አየ።

«ይቺን ጫማ የት ነው የገዟት?»

አባቴ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«እሱ ራሱ ነው የሚሠራ!» አለች አኮ ከፊት ሆና። «አንተ ብር አለ? ይሠራል።»

«አርባ ሁለት ቁጥር ነኝ» አለ ወታደሩ እየሳቀ፤ «ሲመለሱ እንዳይረሱኝ፣ ጋሼ።»

ያ ብቻ ነበር። አለፍን። አባቴ በሸሸበት ዓመት ያ ወታደር ጡት የሚጠባ ሕፃን ቢሆን ነው። የማዶውን ከተማ ረጅሙን ዳገት ስንወጣ አባቴ ግራ ቀኙን ያይ ነበር፤ ሻይ ቤቶቹን፣ ባጃጆቹን፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን አማርኛ ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብ ነበር። ያኔ ፈርቶ የነበረው እስር ይመስለኝ ስለነበር ካለፍን በኋላ ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ደስ አላለውም። ከተማው አልቆ የነገሌን መንገድ ስንይዝ ደግሞ ዓይኑ ከመንገዱ ዳር ዛፎች ላይ ቀረ።

መንገዱ ቀይ ነው፤ ግራና ቀኙ ግራርና እሾህ፣ በመሃል በመሃሉ ሰው የሚያህል ኩይሳ። ፀሐዩ ወጥቶ ብርዱን ሲያባርረው አዛውንቶቹ ዜማቸውን ዝቅ አደረጉት፤ ውሃ የጫነችው አህያም ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። እኔ መጀመሪያ እየዘለልኩ፣ ቀጥሎ እየተራመድኩ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ እየተጎተትኩ ሄድኩ። አኮ ጎኔን ነካ እያደረገች «አንተ፣ ወንድም ያለው ሰው አይደክምም» ትለኛለች። አባቴ ሲፈጥን ሲፈጥን ቆይቶ ይቆማል፣ ከመንገድ ወጣ ብሎ ከአንድ ዛፍ ሥር ይሄዳል፣ ግንዱን ዳብሶ፣ ወደ መጣንበት ዞሮ አይቶ ይመለሳል። ይህን ሲደጋግመው ሮጬ ደረስኩበት።

«አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

መልስ የሚሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር። እጄን ያዘና ከሰዎቹ ትንሽ ራቅ ብለን እየተራመድን ነገረኝ። ለልጅ እንደሚነገር አልነበረም የነገረኝ፤ አጠገቡ ያገኘው ጆሮ የእኔ ስለሆነ ብቻ ይመስለኛል።

«እኔ በዚህ መንገድ ሄጃለሁ፤ ያኔ ግን ፊቴ ወደ ሞያሌ ነበር» አለ። «ደምሴ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ የፍቼ ልጅ። ከነገሌ አብረን ወጣን። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባው ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚሄደው። ኩሬዋን በሌሊት ሳናያት አልፈናት ውሃችን አለቀ። እዚህ አካባቢ ሲደርስ ተቀመጠ። ዛፍ ሥር አስጠጋሁትና ኮዳውን ይዤ ‹ውሃ አምጥቼ እመለሳለሁ› አልኩት። ‹እሺ፣ አትቆይ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ድንበሩን አልፌ ሰው ያለበት ስደርስ ወደቅሁ። የኬንያ ፖሊሶች ከሌሎቹ ጋር መኪና ላይ ጫኑኝ። ሰው አለ፣ ወደ ኋላ ሰው አለ እያልኩ በእጄ አሳያቸው ነበር። ማንም አልገባውም። እኔ ቋንቋ የለኝ። መኪናው ሄደ።» ትንሽ ተራመደና «ኮዳው አንገቴ ላይ ነበር» አለ።

እጁን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት። ከዚያ በኋላ እኔም ዛፎቹን ማየት ጀመርኩ፤ የትኛው እንደሆነ የማውቀው ይመስል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩሬዋ ጋ ደረስን። ውሃ ነበራት፤ ጭቃ መሳይ ውሃ፣ ግመሎች ከዳሯ የሚጠጡባት። ከኩሬዋ ወዲያ በእሾህ የታጠረች የአርቢዎች መንደር አለች፤ ተጓዦቹ በየዓመቱ የሚያድሩት እዚያ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጉዮ በራሱ እጅ ወተት እያቀረበ ተቀበለን። ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ አባቴ ጽዋውን እንደያዘ፣ ሊጠይቅ እየፈለገ አልወጣ ሲለው አየሁት። ኦሮምኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት ኖሮበታል። የጠየቀችው አኮ ናት።

«አባ ጉዮ፣ ወታደሮች በዚህ የሸሹበትን ዓመት ታስታውሳለህ?»

«ማን ይረሳዋል» አለ ሽማግሌው። «መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ልጆች ናቸው። ጠመንጃ ሰጥተው ውሃ የሚለምኑ።»

«ከመንገድ የቀሩስ?»

ሽማግሌው አባቴን አየው፤ ጫማውን፣ እጁን፣ ፊቱን አየና ተነስቶ በትሩን ይዞ «ኑ» አለ።

ከአጥሩ ጀርባ፣ ከሁለት ግራሮች መሃል፣ ድንጋይ የተከመረባቸው ጉብታዎች ነበሩ። አንዳንዱ ድንጋዩ ተንከባሎ ሣር በቅሎበታል። ማንም ሳይነግረኝ ምን እንደሆኑ ገባኝ።

አባቴ «እኔ ጅብ የበላው መስሎኝ…» አለና አቆመ።

ሽማግሌው ተቆጣ። «ጅብ ሰው ሲበላ ዝም ብለን የምናይ መስሎሃል? ያገኘነውን ሁሉ በግመል አምጥተን እዚህ ቀበርን።» ከዚያ ቁጣው በረደለትና ቀጠለ። «አንደኛውን ነፍሱ ሳትወጣ ነው ያገኘነው። ከዛፍ ሥር። እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወተት በጣቷ እያንጠባጠበች አጠጣችው። እስከ ምሽት ቆየ። አንድ ነገር ደጋግሞ ይል ነበር፤ ቋንቋውን ግን አናውቀው።»

«ምን ይል ነበር?» አባቴ ክንዱን ያዘው። «አንዲት ቃል እንኳ ትዝ አይልህም?»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አሰበ። «አይ» አለ። «ረጅም ጊዜ ነው። ውሸት ልነግርህ አልፈልግም።»

«እግሩ አብጦ ነበር?»

«የሁሉም እግር አብጦ ነበር።»

«የትኛው ነው ታዲያ? የትኛው ነው የእሱ?»

«አላውቅም፣ ወንድሜ።»

ከኋላችን ተጓዦቹ አንድ በአንድ መጥተው ቆመው ነበር። አንደኛው ዱዓ ለማድረግ እጁን ዘርግቶ ሳለ እንደማመንታት ብሎ «ሙስሊም ነበር?» ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«ክርስቲያን ነበር» አለ አባቴ።

ሰውዬው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። አባ ጉዮ በበትሩ ተደግፎ ጉብታዎቹን እያየ «እኛ አልጠየቅነውም» አለ። ያኔ አኮ መዳፎቿን ከፈተች፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ከፈቱ። ያን ያህል ሰው ለማያውቀው ሰው ሲለምን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰዎቹ ሲመለሱ አባቴ ቀረ። የተንከባለሉትን ድንጋዮች እያነሳ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመረ፤ የአንዱን አይደለም፣ የሁሉንም። እኔም ትንንሾቹን አቀብለው ነበር። ሲያለቅስ አላየሁትም፤ ብቻ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው በዞረ ቁጥር «ደምሴ» ይል ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅስ። ጨለማ ሲይዝ አባ ጉዮ መጥቶ ትከሻውን ይዞ አስገባው። ወተት ቢሰጡት ደጋግሞ ጠጣና ከእኛ ሁሉ ቀድሞ እንቅልፍ ወሰደው።

በማግስቱ ተጓዦቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አኮ ስትሰናበተን እኔን ግንባሬን ሳመችኝና አባቴን «አንተ ሰይድ፣ ቤትህ ሂድ አሁን» አለችው። አጎንብሶ እጇን ሳመ። እኛ ፍየል የጫነ አይሱዙ አግኝተን ከፍየሎቹ ጋር ተጫንን። ኬላው ስንደርስ ያ ወታደር አልነበረም፤ አባቴ ግን እግሩን ሊለካለት ጠይቆ አፈላልጎት ነበር። በማዶ በኩል ካለች ሱቅ ሙዝና ዳቦ ገዝቶ፣ ከወዲያ ወዲህ ዕቃ ይዞ ሲሻገር የመጀመሪያው ነበር፣ ቤት ስንገባ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ቀና ብላ አየችው።

«ጉልበትህስ?»

«ደህና ነው» አለ።

አኮ የተመለሰችው የጥቅምቱ አጭር ዝናብ ሲጀምር ነው፤ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ጫማዋ አልቆ፣ ለወንድሜ ግንባር የምትቀባው ነጭ የድሬ አፈር በመሐረቧ ቋጥራ። ስትመጣ አባቴን አላገኘችውም። ፍቼ ሄዶ ነበር። የደምሴን ቤተሰብ ለማፈላለግ ከየት እንደሚጀምር ሳያውቅ፣ የቀበሌውን ስም እንኳ በግምት ይዞ ነው በአውቶቡስ የተሳፈረው። አኮ ይህን ስትሰማ ከግድግዳው ሥር ቁጭ አለችና እግሯን እያሸች «ይሂድ፣ ይሂድ» ብቻ አለች።

ሲመለስ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። የደምሴ እናት ሞታለች፤ እህቱን አስካለን ግን አግኝቷታል። ደጇ ላይ ቆሞ ማን እንደሆነ ሲነግራት ሴትዮዋ ግባም አላለችው፣ አላለቀሰችም፤ በሩን እንደያዘች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ብቻውን ነበር?»

አባቴ ምን ብሎ እንደመለሰላት ያኔ አልሰማሁም፤ የወንድሜ ለቅሶ ሸፈነው። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው አንድ ቀን አብረን ጎማ ስናጥብ የጠየቅሁት። «አባ ጉዮ ያለኝን ነው የነገርኳት» አለኝ። «‹ከዛፍ ሥር አንድ በሕይወት ያለ ሰው አገኙ፣ አንዲት እናት ጭኗ ላይ አድርጋ ወተት አጠጣችው፤ እሱ ይሁን ሌላ ግን አላውቅም› አልኳት። እሷ ግን የመጨረሻውን የሰማች አልመሰለኝም። ‹እሱ ነው› አለች። ‹ልጅ ሆኖ ወተት ይወድ ነበር።› ከዚያ ግባ አለችኝ።»

«ዝም አልካት?»

«ምን ልበላት፣ ለይላ?»

አሁን ወንድሜ ከእኔ ይረዝማል፤ አኮም አባ ጉዮም የሉም። መንደሯ ድርቅ በተደጋገመባቸው ዓመታት ወደ ሌላ ቦታ ተነሳች፤ ኩሬዋ አንዳንድ ዓመት ጭቃም የላትም። ኬላው ሰፊ ሕንፃ ሆኖ ሰው ተሰልፎ ማኅተም ያስመታበታል። ዚያራውም በአውቶቡስ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ አንዳንድ ሰው ቢታይ ሕፃናት ቆመው ያዩታል። ዓምና እናቴ የራሷን ስለት ልታደርስ ስትሄድ እኔም ፈቃድ ወስጄ ከእሷና ከአባቴ ጋር ተሳፈርኩ። አባቴ ዛሬ ወሬኛ ሽማግሌ ሆኗል። ከሞያሌ ገና ሳንወጣ ከፊታችን ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ግመል፣ ስለ ወሎ ማውራት ጀመረ። እኔ በልጅነቴ ቀኑን ሙሉ እየተጎተትኩ የሄድኩበትን መንገድ አውቶቡሱ በአቧራ ውስጥ ይውጠው ጀመር፤ ግራሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፣ ጉብታዎቹንም ቁጥቋጦ ስለሸፈናቸው ብፈልግ ብፈልግ ማየት አልቻልኩም። ቦታው ጋ እንደደረስን ያወቅሁት አባቴ ከጀመረው ወሬ መሃል ቆርጦ ወደ መስኮቱ ሲዞር ነው። ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለው፤ እናቴ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ጥቂት ሄድን። አባቴም ከመስኮቱ ተመለሰና ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።